ድረ ገጹን ወደ አዲስ ሰርቨር ካዛወርኩ በኋላ ከመነሻ ገጹ በቀር ሁሉም «404» ይላል

መዝገብ ያዥ
ኅዳር 8፣ ከሌሊቱ 5፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ድረ ገጽ በበጎ ፈቃድ እይዛለሁ። የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። የቀድሞው አስተናጋጅ ዋጋ ስለጨመረብን ኡቡንቱ (የሊኑክስ ሥርዓት) እና አፓቺ (ገጾችን ለጎብኚ የሚያቀርብ ፕሮግራም) ወደተጫኑበት የግል ሰርቨር እያዛወርኩት ነው። ፋይሎቹ ከአሥር ሺህ በላይ ስለሆኑና መስመሩ በየመሐሉ ስለሚቋረጥ አንድ በአንድ ማውረዱን ትቼ፣ የአስተናጋጁ መቆጣጠሪያ በሆነው በሲፓነል የፋይል ማስተዳደሪያ ውስጥ ሁሉንም መርጬ ወደ አንድ ዚፕ ጠቀለልኳቸው። ዚፑን አውርጄ አዲሱ ሰርቨር ላይ ጫንኩት፤ ፈታሁት፤ ዳታቤዙንም መለስኩ። የደኅንነት ሰርተፍኬቱንም ዛሬ አወጣሁ።

መነሻ ገጹ በደንብ ይከፈታል። ሥዕሎቹም ይታያሉ። ማናቸውንም ሌላ ገጽ ስነካ ግን «404፣ አልተገኘም» ይለኛል። ዳታቤዙን ሁለት ጊዜ መልሻለሁ። የገጽታ ንድፉን ቀይሬያለሁ። ፕለጊኖቹን በሙሉ አጥፍቼ ሞክሬያለሁ። ሁለት ሌሊት ሆነኝ። በሞት የተለዩ መምህራኖቻችን መታሰቢያ ገጽ ስላለበት፣ በውጭ አገር ያሉ አባላት «የመምህራችን ገጽ የት ሄደ?» እያሉ ይደውላሉ። የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።


ከሐዋሳ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1፡15

እኅቴ፣ ዳታቤዙን ተዪው፤ ጤነኛ ነው። የቀረብሽ .ኤችቲአክሰስ የሚባለው፣ ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ከዝርዝር የሚሰወረው የአፓቺ ማዋቀሪያ ፋይል ነው። ዎርድፕረስ የገጾቹን ውብ አድራሻ የሚያገኘው በዚያ ፋይል ውስጥ ባሉ ጥቂት መስመሮች ነው። መነሻ ገጹ ግን ያለ እርሱም ይከፈታል፤ «ኢንዴክስ» የተባለውን ፋይል አፓቺ ራሱ ስለሚያገኘው። ስለዚህ መነሻው እየሠራ የውስጡ ሁሉ 404 ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ፋይል ነው።

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በዎርድፕረስ ማስተዳደሪያ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፐርማሊንክስ» ግቢና ምንም ሳትለውጪ «ሴቭ» በዪው። ፋይሉን ራሱ ጽፎ ያስቀምጠዋል።


መዝገብ ያዥ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2፡05

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ስለ ስውር ፋይሎች አንብቤ ስለነበር ዚፑን ከፈታሁ በኋላ ፈትሻለሁ። «አፕሎድስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ .ኤችቲአክሰስ በዐይኔ አይቻለሁ። ስውር ፋይሎቹ ካልመጡ እርሱ እንዴት መጣ?


ሌሊት ጠባቂ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2፡50

ልጄ፣ ያየሽው ፋይል እውነተኛ ነው፤ ያሳሳተሽም እርሱ ነው። ለምን እንደመጣ ላስረዳሽ።

በፋይል ማስተዳደሪያው «ሁሉንም ምረጥ» ስትዪ የሚመረጠው በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ነው። በላይኛው ፎልደር ያሉት በነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎች አልታዩም፤ ስለዚህ አልተመረጡም፤ ዚፑ ውስጥም አልገቡም። ፎልደሮቹ ግን ታይተዋል። አንድ ፎልደር ከተመረጠ በኋላ ውስጡ ያለው በሙሉ፣ ስውሩም ግልጹም፣ አብሮ ይጠቀለላል። ስለዚህ የውስጠኛው .ኤችቲአክሰስ መጣ፤ የላይኛው ቀረ።

በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ እየጻፉ፣ የሚሠሩም በዚሁ ይሰናከላሉ። በሲፒ ትእዛዝ ሲቀዱ ከፎልደሩ ስም ቀጥሎ የኮከብ ምልክት ያደርጋሉ። ኮከቡን የሚፈታው የቅጂው ፕሮግራም አይደለም፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ሼል ነው። ሼሉ ደግሞ ኮከብን ሲፈታ በነጥብ የሚጀምሩትን ይዘላቸዋል። ውጤቱ ያው ነው፤ በላይኛው ፎልደር ያለው ስውር ፋይል ይቀራል፣ በንዑስ ፎልደር ያለው ይሄዳል። አንዱም ባይሄድ ሰው ወዲያው ይነቃ ነበር። ግማሹ ስለሚሄድ ነው ሁለት ሌሊት የሚፈጀው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልመለስ። «ሴቭ» የሚለውን ገና አትንኪው። ከሐዋሳ የነገረሽ ትክክል ነው፣ ፋይሉ ይጻፋል። የሚጻፈው ግን የዎርድፕረስ የራሱ ክፍል ብቻ ነው። በዓመታት ውስጥ በእጅ የተጨመረ መስመር ካለ፣ ለምሳሌ የድሮ አድራሻን ወደ አዲሱ የሚያዞር፣ እርሱ አይመለስም። ጣቢያው ስለሚሠራ የጎደለውን ማንም አይፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ የሆነ ሰው የድሮ ማስፈንጠሪያ ሲነካ ያኔ ይታወቃል፤ የቀድሞው አካውንት ግን ያን ጊዜ የለም። አሁንም ክፍት ከሆነ ዋናውን ፋይል ከዚያ አምጪ።


መዝገብ ያዥ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ፣ አሁን ገባኝ። አካውንቱ ገና አራት ቀን አለው። ፋይልዚላ በሚባለው የፋይል ማዛወሪያ ፕሮግራም ገባሁ፤ ዋናው ፎልደር ውስጥ ግን .ኤችቲአክሰስ አይታየኝም። የእኔው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ስውር ፋይሎችን አሳይ» የሚለውን አብርቻለሁ፤ ለውጥ የለም።


ባሕር ማዶ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 4፡10

የዊንዶውሱ ማብሪያ እዚህ ምንም አይሠራም። ዊንዶውስ ፋይልን የሚሰውረው በሚለጥፍበት ምልክት ነው፤ ስሙ በነጥብ ጀመረ አልጀመረ ግድ የለውም። ሊኑክስ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ምልክት የለውም፣ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያያል። አንቺ የምታዪው የሩቁን ሰርቨር ዝርዝር ስለሆነ የሚወስነው ሰርቨሩ የላከልሽ ነገር ነው።

በፋይልዚላ «ሰርቨር» የሚለው ሜኑ ውስጥ «ፎርስ ሾዊንግ ሂድን ፋይልስ» የሚል አለ። አብሪውና ፎልደሩን እንደገና አስዘርዝሪው። ይህ የሚያስፈልገው ኤፍቲፒ በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ደንብ ስትገቢ ነው። ፕሮግራሙ ዝርዝር ሲጠይቅ «ስውሩንም ጨምር» የሚል ትንሽ ቅጥያ ያክልበታል። ያ ቅጥያ በ1985 እ.ኤ.አ. ኤፍቲፒን በደነገገው ሰነድ ውስጥ የለም፤ የሊኑክስ ቀዳሚ ከሆነው ከዩኒክስ ዝርዝር ትእዛዝ የተወረሰ ልማድ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰርቨር ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ችላ ይለዋል። አስተናጋጁ ችላ የሚል ከሆነ የቱንም ያህል ብታበሪው አይታይሽም።

በኤስኤፍቲፒ፣ በሚመሰጥረው የማስተላለፊያ መንገድ፣ ከገባሽ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። እርሱ ያለውን ሁሉ ይዘረዝራል። ተራ ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልሽን ሳይመሰጥር ስለሚልክ ከዚህም ሌላ የምትተዪበት ምክንያት አለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፋይልዚላ የራሱ ማጣሪያም አለው። «ቪው» ውስጥ ማጣሪያዎቹን ክፈቺና አንዱም እንዳልበራ አረጋግጪ። በማጣሪያ የተሰወረ ፋይል አይታይም፣ አይዛወርምም።

በሲፓነልም ይቻላል። የፋይል ማስተዳደሪያው በስተቀኝ ከላይ «ሴቲንግስ» የሚለውን ስትነኪ «ሾው ሂድን ፋይልስ» የሚል ሳጥን ይመጣል። ማክ የምትጠቀሙ ደግሞ በፋይንደር ውስጥ ኮማንድ፣ ሺፍት እና ነጥብን አንድ ላይ ተጫኑ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው የማክ ሥርዓት ከሲየራ ጀምሮ ይሠራል።


ሥርወ ነገር
ኅዳር 9፣ ከቀኑ 7፡00

ከጥያቄው ጥቂት ልውጣና፣ ይህ የነጥብ ነገር ከየት እንደመጣ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ማንም «ፋይል የምንሰውርበት ዘዴ እናብጅ» ብሎ ተቀምጦ አላሰበውም። ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ዩኒክስ ገና ሲሠራ፣ ፋይሎች በፎልደር ውስጥ ፎልደር ሆነው መደራጀት ሲጀምሩ፣ በየፎልደሩ ሁለት ልዩ ስሞች ተጨመሩ፦ አንድ ነጥብ ማለት «ይኸው ፎልደር»፣ ሁለት ነጥብ ማለት «የበላዩ ፎልደር»። ዝርዝር በተጠየቀ ቁጥር ሁለቱ ብቅ እያሉ ስላስቸገሩ እንዳይታዩ ተፈለገ። የፕሮግራሙ ጸሐፊ ስሙ በትክክል አንድ ነጥብ ወይም ሁለት ነጥብ መሆኑን እንደመመርመር፣ አጭሩን መንገድ መረጠ፤ የመጀመሪያው ፊደል ነጥብ ከሆነ ዝለለው። በዚያ አንዲት መስመር ምክንያት በነጥብ የሚጀምር ስም ሁሉ ተሰወረ። በቤል ላብስ የሠራው ሮብ ፓይክ በ2012 እ.ኤ.አ. ታሪኩን ሲጽፍ ይህ ስሕተት እንደነበረ በግልጽ ተናግሯል።

ይህን የማነሣው ለጨዋታ አይደለም። ነጥቡ መቆለፊያ እንዳልሆነ ሰው እንዲረዳ ነው። ፋይሉ ከዝርዝር ይቀራል እንጂ ስሙን ለሚያውቅ ሰው ተከፍቶ ይነበባል።


መዝገብ ያዥ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡20

ባሕር ማዶ፣ በሲፓነሉ ማብሪያ ታየኝ! እኔ አንድ ፋይል ስፈልግ አምስት ነገር ወጣ፦ .ኤችቲአክሰስ፣ .ጊት የሚባል ፎልደር፣ .ዌል-ኖውን የሚባል ሌላ ፎልደር፣ .ዲኤስ ስቶር፣ እና ስሙ እንደ ዎርድፕረሱ ማዋቀሪያ ሆኖ ፊቱ ነጥብ፣ መጨረሻው ኤስደብሊውፒ የሆነ ፋይል። ምን እንደሆኑ ስለማላውቅ ምንም እንዳይጎድል ሁሉንም ወደ አዲሱ ሰርቨር ወሰድኳቸው።

ጋሼ ሌሊት ጠባቂ፣ እውነትዎን ነው። በ.ኤችቲአክሰሱ ውስጥ የመታሰቢያ ገጾቹን የድሮ አድራሻ ወደ አዲሱ የሚያዞሩ አሥራ ሰባት መስመሮች ነበሩ። የእርስዎን መልስ ሳላይ «ሴቭ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ጠፍተው ይቀሩ ነበር።

ገጾቹ ግን አሁንም 404 ናቸው። ፋይሉ በቦታው አለ፣ ስሙም ትክክል ነው።


ሌሊት ጠባቂ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡00

ስሙን ማረጋገጥሽ መልካም ነው። ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ የሚያስቀምጡ ሰዎች ሳያውቁት መጨረሻው ላይ «ቲኤክስቲ» ይለጠፍባቸዋል።

ፋይሉ ካለና ካልሠራ፣ አፓቺ አያነበውም ማለት ነው። ከ2.3.9 ጀምሮ የአፓቺ ነባሪ ቅንብር .ኤችቲአክሰስን እንዳያነብ ነው፤ ኡቡንቱም የድረ ገጾች ፎልደር ላይ «አላው ኦቨርራይድ» የሚለውን «ነን» (ምንም) አድርጎ ይጭነዋል። ለድረ ገጽሽ ፎልደር «ኦል» (ሁሉም) አድርጊው። ሁለተኛ፣ «ሪራይት» የሚባለው ሞጁል ኡቡንቱ ላይ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አብሪውና አፓቺን እንደገና አስነሺ። የዎርድፕረስ መስመሮች «ሞጁሉ ካለ» በሚል ቅንፍ ውስጥ ስለሆኑ ሞጁሉ ሲጠፋ ስሕተት እንኳ አይሰጡም፤ ዝም ብለው ይታለፋሉ።


መዝገብ ያዥ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡35

ሁለቱንም አደረግኩ። አሁን መነሻ ገጹም ጠፋ። ሁሉም «500፣ የሰርቨር ስሕተት» ይላል። ፋይሉን ላንሣው?


ሌሊት ጠባቂ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡42

አታንሺው። 404 ወደ 500 መለወጡ አፓቺ ፋይሉን ማንበብ ጀመረ ማለት ነው፤ ወደ ፊት ሄደሻል። አሁን አንድ ያልገባው ቃል አግኝቷል። የአፓቺን የስሕተት መዝገብ ክፈቺና የመጨረሻውን መስመር አንብቢልኝ። በግምት አንሥራ።


መዝገብ ያዥ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡55

«ፒኤችፒ ቫልዩ» የሚለውን ትእዛዝ አላውቀውም፣ ምናልባት በስሕተት ተጽፎ ወይም የሚያውቀው ሞጁል ሳይኖር ቀርቶ ይሆናል ይላል። በፋይሉ መጨረሻ ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች አሉ። የሚጫን ፋይል እስከ 64 ሜጋባይት እንዲሆን የሚፈቅዱ ናቸው።


ሌሊት ጠባቂ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡05

እነርሱ የሚሠሩት ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ በአፓቺ ውስጥ እንደ ሞጁል ሲሮጥ ነው። አዲሱ ሰርቨርሽ ፒኤችፒን ኤፍፒኤም በሚባል ፕሮግራም ለብቻው ስለሚያስኬድ አፓቺ ቃሉን አያውቀውም። ሁለቱን መስመሮች ከዚያ አውጪና .ዩዘር.አይኤንአይ በሚባል ፋይል ውስጥ በእኩልነት ምልክት አድርገሽ ጻፊያቸው። እርሱም በነጥብ የሚጀምር መሆኑን ልብ በዪ፤ ወደፊት ስታዛውሪ እርሱም ይቀርብሻል። ስታስቀምጪው ወዲያው ካልሠራ አትደንግጪ፤ ፒኤችፒ ያንን ፋይል በየ300 ሴኮንዱ ነው እንደገና የሚያየው።


መዝገብ ያዥ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡25

ሠራ! ሁሉም ገጽ ተከፈተ። የመምህራኑ ገጽ በድሮውም በአዲሱም አድራሻ ይከፈታል። ለሁላችሁም ከልቤ አመሰግናለሁ። ዛሬ እተኛለሁ።


ባሕር ማዶ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡40

እኅቴ፣ ከመተኛትሽ በፊት ይህን አንብቢ። ቅድም «ሁሉንም ወሰድኳቸው» ያልሽው አስጨንቆኛል።

.ጊት የሚባለው ፎልደር የፕሮግራሙን የለውጥ ታሪክ በሙሉ የያዘ ነው። በድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ ካለና ካልተከለከለ፣ ከሩቅ ያለ ሰው ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አውርዶ ሙሉውን ታሪክ መልሶ ሊገነባ ይችላል። ድሮ ተጽፎ ኋላ የተሰረዘ የይለፍ ቃል እንኳ በታሪኩ ውስጥ አለ። በማሰሻሽ የድረ ገጹን አድራሻ፣ ከዚያ .ጊት፣ ከዚያም «ሄድ» (HEAD) የሚለውን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈሽ ሞክሪው። አንድ መስመር ጽሑፍ ከመጣልሽ ፎልደሩ ክፍት ነው።

መጨረሻው ኤስደብሊውፒ የሆነው ደግሞ ቪም የሚባለው የጽሑፍ አርታዒ ሲሠራ የሚፈጥረው ጊዜያዊ ፋይል ነው። አርታዒው በወጉ ሲዘጋ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ግን እዚያው ይቀራል። በእኛ አገር ይህ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። የማዋቀሪያው ፋይል መጨረሻው ፒኤችፒ ስለሆነ ሰርቨሩ ያስኬደዋል እንጂ ጽሑፉን አያሳይም። ይህኛው ግን ፒኤችፒ አይደለም። ሰርቨሩ ለጠየቀው ሁሉ እንዳለ ይሰጠዋል፤ ውስጡም የዳታቤዝሽ የይለፍ ቃል ይኖራል።


መዝገብ ያዥ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡58

ሞከርኩ። የ.ጊቱ መስመር መጣ። ሌላውን ስጠይቅ ማሰሻው አወረደልኝ። በኖትፓድ ከፈትኩት፤ ከማይነበቡ ምልክቶች መሐል የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ቁጭ ብሏል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ያ የይለፍ ቃል አዲሱ ሰርቨር ላይም ያው ነው።


ከሐዋሳ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡02

አይዞሽ። ሁለቱንም አጥፊያቸው። .ዲኤስ ስቶርንም አጥፊ፤ ከማክ ተከትሎ የመጣ ነው፣ የፎልደሮችሽን ስም ከመግለጥ በቀር ጥቅም የለውም። አዲሱ ሰርቨር ላይ የቆዩት ለሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ማንም አላያቸውም።


ሌሊት ጠባቂ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡15

ከሐዋሳ፣ አከብርሃለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። አዲሱ ላይ ሦስት ሰዓት ይሁን፤ አሮጌው ላይስ? ያ ጊዜያዊ ፋይል ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ማን ያውቃል? እኔ በማስተዳድራቸው ሰርቨሮች የጉብኝት መዝገብ ላይ .ጊትንና የይለፍ ቃልና ቁልፎች የሚቀመጡበትን .ኤንቪ የሚባል ፋይል የሚጠይቁ ፕሮግራሞች በየቀኑ አያለሁ። አድራሻ ሳይመርጡ የሁሉን በር የሚያንኳኩ ናቸው። «ማንም አላየውም» ማለት የሚችለው መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ብቻ ነው።

ልጄ፣ ማጥፋቱን አጥፊ፤ ግን በዚያ አታቁሚ። የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ለውጪ። በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ያሉትን ስምንቱን የምስጢር ቁልፎች በአዲስ ተኪ፤ ያን ጊዜ የገባ ሰው ሁሉ በግድ ይወጣል። ከዚያ የአስተዳዳሪዎችን የይለፍ ቃል በሙሉ ለውጪ፤ የማታውቂው አስተዳዳሪ ተመዝግቦ እንደሆነም እዪ። አሮጌውም ላይ ፋይሎቹን ዛሬውኑ አንሺ።


ከሐዋሳ
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡30

አሮጌውን አላሰብኩም ነበር። ጋሼ ልክ ነዎት። እኅቴ፣ እርሳቸው እንዳሉሽ አድርጊ።


ጀማሪ ፕሮግራመር
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡10

ይህን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ላራቬል የሚባለውን የፒኤችፒ ድረ ገጽ መሥሪያ እየተማርኩ ነው። ፕሮጀክቴን በሙሉ ከ.ኤንቪ ጋር ለሕዝብ በሚታየው ፎልደር፣ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ውስጥ ነው የጫንኩት፤ ብዙ ቪዲዮዎች እንደዚያ ነው የሚያሳዩት። አፓቺ .ኤችቲአክሰስን ለማሰሻ እንደማያሳይ አውቃለሁ፤ .ኤንቪንስ?


ባሕር ማዶ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡45

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአፓቺ ነባሪ ክልከላ የሚሸፍነው ስማቸው በ«.ኤችቲ» የሚጀምሩትን ብቻ ነው። .ኤንቪ፣ .ጊት፣ .ዩዘር.አይኤንአይ በዚያ ጥላ ሥር አይደሉም። .ኤንቪ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ለጠየቀው ሁሉ ይነበባል። እንደ አፓቺ ገጽ የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ ደግሞ .ኤችቲአክሰስን ፈጽሞ አያነብም፤ በውስጡ የጻፍከው ክልከላ እዚያ ዋጋ የለውም።

ላራቬል የተሠራው ለሕዝብ የሚታየው «ፐብሊክ» የተባለው ንዑስ ፎልደር ብቻ እንዲሆን ነው። የድረ ገጹን ሥር ወደዚያ አዙረው፤ .ኤንቪ ከእርሱ በላይ ይቀመጣል፣ ከውጭ የሚያደርሰው አድራሻም አይኖርም። በክልከላ ደንብ ከመከላከል ይህ ይበልጣል፤ ደንብ ይሳሳታል፣ ሰርቨር ሲቀየርም ይቀራል። ቪዲዮዎቹን የሚሠሩ ሰዎች ይህን አለመናገራቸው ያናድደኛል፤ የሚማረው ሰው ይጎዳል። ቁልፎችህንም ዛሬ ለውጥ።


ጀማሪ ፕሮግራመር
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4፡20

አዛወርኩት፤ አሁን .ኤንቪን በማሰሻ ስጠይቅ 404 ይላል። ቁልፎቹንም ቀየርኩ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ በተርሚናል ስቀዳ ኮከቡ ስውሮቹን የሚዘል ከሆነ፣ ከኮከቡ በፊት ነጥብ ባደርግ አይበቃም?


ሌሊት ጠባቂ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4፡40

እንዳታደርገው። እኔ የሆንኩትን ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ የአንድ ተጠቃሚን ስውር ፋይሎች ባለቤትነት ልለውጥ ፈለግኩ። እፎልደሩ ውስጥ ቆሜ፣ በሥርዓት አስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ነጥብና ኮከብ ሰጥቼ «እስከ ታች ድረስ» የሚለውን ጨመርኩ። ነጥብና ኮከብ ሁለቱን ነጥቦችም ይጨምራል፤ ሁለት ነጥብ ደግሞ የበላዩ ፎልደር ነው። ትእዛዙ ወደ ላይ ወጣና የሁሉም ተጠቃሚዎች ፎልደር በአንድ ሰው ስም ሆነ። ከሩቅ የምንገባበት ኤስኤስኤች የቁልፍ ፋይሉ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ስለማይቀበል ማንም በቁልፉ መግባት አልቻለም። እስከ ንጋት አንድ በአንድ መለስኩ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ባሽ የሚባለው ሼል 5.2 እትም ሁለቱን ነጥቦች እንዲዘል ተደርጓል፤ የምትገባበት ሰርቨር ግን የትኛው ባሽ እንዳለው አታውቅም።

በሲፒ ከሆነ የምንጩን ፎልደር ስም፣ ክፍልፋይ መስመር፣ ከዚያ አንድ ነጥብ ብቻ ጻፍ፤ «ይኸው ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ» ማለት ነው። ኮከብ ስለሌለ ሼሉ የሚዘለው ነገር የለም። በዚፕም በታርም እንዲሁ፣ በኮከብ ፋንታ ነጥብ ስጠው።

በመስመር ለማዛወር ግን አርሲንክ የሚባለውን ፕሮግራም የሚተካከል አላየሁም። ስውሩንም ግልጹንም ይወስዳል፤ መስመሩ ተቋርጦ ስትመለስ የደረሱትን ፋይሎች ትቶ ከቀሩት ይቀጥላል። እንዳይሄድ የምትፈልገውን፣ .ጊትን ለምሳሌ፣ በስሙ ታስቀረዋለህ። ከምንጩ ስም መጨረሻ ክፍልፋይ መስመር ካለ ይዘቱን፣ ከሌለ ፎልደሩን ራሱን ይወስዳል፤ ይህን አትርሳ። መጀመሪያ በ«ደረቅ ሙከራ» አስኬደውና የሚወስደውን ዝርዝር በዐይንህ እይ።


መዝገብ ያዥ
የካቲት 9፣ ከጠዋቱ 1፡30

ይቅርታ፣ የቆየውን ክር ቀሰቀስኩት። ትናንት ማሰሻዎች ድረ ገጹን «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» ማለት ጀመሩ። ሰርተፍኬቱ በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት ነው፤ በራሱ ይታደሳል ተብዬ ነበር። ከኅዳሩ ድንጋጤ በኋላ በነጥብ የሚጀምር ነገር ሁሉ ከውጭ እንዳይከፈት የሚከለክል ደንብ ጽፌያለሁ። ሌላ የነካሁት ነገር የለም።


ባሕር ማዶ
የካቲት 9፣ ከጠዋቱ 2፡00

ያ ደንብ ነው። የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ዕድሜው 90 ቀን ነው፤ ኅዳር 8 ብታወጪው የካቲት 8 ያልቃል። ለማደስ ሰርቨርሽ .ዌል-ኖውን በተባለው ፎልደር ውስጥ አንድ የማረጋገጫ ፋይል ያስቀምጣል፤ እነርሱ ከውጭ መጥተው ያነቡታል። አንቺ ደግሞ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ዘግተሻል። ማረጋገጫው ሲከለከል እድሳቱ ከሸፈ፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ስለማይልኩ ማንም አልነገረሽም።

ስውር ከሚመስሉት ሁሉ እንዲታይ ተብሎ የተሠራው ይህ አንዱ ነው። ደንብሽን «ከ.ዌል-ኖውን በቀር» ብለሽ አስተካክዪው። ከዚያ እድሳቱን መጀመሪያ በሙከራ አስኬጂው፤ ካለፈ በእውነት አድሺ።


መዝገብ ያዥ
የካቲት 9፣ ከጠዋቱ 2፡25

ሙከራው አለፈ፤ ታደሰ። አሁን ደንቡን የጻፍኩበትን ፋይል፣ የ.ዩዘር.አይኤንአይን ይዘት እና አሥራ ሰባቱን መስመሮች በወረቀት አትሜ ከማኅበሩ ማኅተም ጋር በሚቀመጠው መዝገብ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚረከበው ሰው በዝርዝሩ ላይ ባያያቸውም እንዳሉ ያውቃል።